ግጥም በጉባኤ ፊት

በመጽሐፍ የታተመ ግጥምና በጉባኤ ፊት የሚነበብ ግጥም ቃላቸው አንድ ቢሆን ስንኳ በሰው ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም። መጽሐፍ የያዘ ሰው ካልወደደው ገጽ ሲደርስ ገልጦ ያልፈዋል፤ ከከፋውም ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ ሲያሻው ደግሞ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ያነበዋል። በአዳራሽ የተቀመጠ አድማጭ ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም። ተነሥቶ ቢወጣ ሁሉ ያየዋል፤ ቁጭ ቢልም ጎረቤቱ ሲያጨበጭብ የእርሱ እጅ መታጠፉ ያስታውቅበታል። ስለዚህ በመድረክ ላይ የቆመ ባለግጥም ሕዝቡን ሰብስቦ፥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አስሮ ነው የሚናገረው። ከዚህ የተነሣ የግጥም ምሽት በተዘጋጀ ቁጥር ሁለት ዐይነት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው «ባለቅኔ ልጓም የለውም፤ የመጣለትን ይበል» ይላል። ሁለተኛው «ማንም ሰው ተዋርዶ እንዳይወጣ፥ ሁሉም እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ እንዲቀመጥ፥ የሚነበበው አስቀድሞ ይታይ» ይላል። ሁለቱም ነፃነትንና አክብሮትን በሚዛን ላይ እንዳሉ ሁለት ዕቃዎች፥ አንዱ ሲከብድ ሌላው የሚቀል አድርገው ይቈጥሩአቸዋል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም፤ ለምን እንደማይመስለኝም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሐተታችንን ከሩቅ አገር ከመጀመር ይልቅ ከአምቦና ከወንጪ አገር ብንጀምረው ይሻላል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ሐሮ ወንጪም በአምቦና በወሊሶ መካከል፥ እሳተ ገሞራ በፈነቀለው ተራራ አናት ላይ የተኛ ውሃ ነው፤ በውሃው መካከል ባለች ደሴትም የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ። በዚህ አገር በቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማው የግዕዝ ዜማ ነው፤ በዳገቱ ላይ የሚያርሰው ገበሬ የሚያንጐራጕረው በኦሮምኛ ነው፤ ተማሪው ደግሞ በደብተሩ ላይ አንዱን ግጥም በኦሮምኛ፥ ሌላውን በአማርኛ ይጽፋል። እንግዲህ በአምቦ አዳራሽ የሚሰበሰበው ሕዝብ ይህን ሁሉ በጆሮው ይዞ የሚመጣ ሕዝብ ነው። ከዚህ አገር የወጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለደ፤ በልጅነቱ ግዕዝ ተማረ፤ አድጎም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፈ። ገና ተማሪ ሳለ የደረሰው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። እንግዲያስ የአምቦ ልጅ ከፊተኛው ወንበር ላይ ባለሥልጣን ተቀምጦ እያየው መናገርን የለመደው ዛሬ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከመድረክና ከመብራት በፊት የነበረውን ልማድ እንመልከት። ጌረርሳ የሚባለው የኦሮሞ ግጥም ጥንት አንበሳ ወይም ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ፥ ወይም በጦር ሜዳ የዋለ ሰው ራሱን የሚያሞግስበት፥ ፈሪንም የሚነቅፍበት ነበር። ኋላ ግን ድኻው ድኽነቱን፥ እስረኛው እስራቱን፥ የተገፋው መገፋቱን የሚናገርበት ሆነ። ባለጌረርሳው እጅግ የሚያስደነግጥ ነገር ይናገራል፤ የሚያቆመውም የለም። ይሁን እንጂ ኦሮሞ ሰፉ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ታላቅ ለታናሽ፥ ታናሽ ለታላቅ፥ ሰው ለሰውና ለፍጥረት ሁሉ የሚጠብቀው ክብር ነው። ተናጋሪው ይህን ወሰን ያለፈ እንደ ሆነ አድማጩ «ሰፉ!» ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ይህች ቃል የምትመጣበትን ጊዜ ልብ በል። የምትመጣው ከንግግሩ በፊት አይደለም፤ ከንግግሩ በኋላ ነው። የምትወጣውም ከአንድ ሹም አፍ ሳይሆን ከሰሚዎቹ አፍ ነው። ተናጋሪው ነፃ ነው፤ ሰሚውም እንዲሁ ነፃ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ፊት ለፊት ናቸው።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በኦሮሞ ሴት ዘንድ ሲንቄ የሚባል ሲጋቡ የሚሰጥ በትር አለ። አንድ ሰው ሚስቱን ያለ አግባብ የደበደበ ወይም እናትን ያዋረደ እንደ ሆነ የመንደሩ ሴቶች በትራቸውን ይዘው፥ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ በደጁም ቆመው በዘፈን ይወቅሱታል። በሽማግሌዎች ሸንጎ ድምፅ ያልተሰጣቸው ሰዎች በግጥም የራሳቸውን ሸንጎ ያቆማሉ ማለት ነው። ወቀሳው መራራ ነው፤ ሰውየውን በስሙ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ማብቂያ አለው። አጥፊው ይቅርታ ሲለምንና የሚገባውን ካሣ ሲያቀርብ ዘፈኑ ወደ ምርቃት ይለወጣል። እንግዲህ ይህ ግጥም የሚያነጣጥረው በሥራ ላይ ነው። ሰውየው የተነቀፈው ስላደረገው ነገር ነውና ያደረገውን ሊክስ፥ ሊመልስ፥ ሊታረቅም ይችላል።

የአማራው አዝማሪ ቤትም ከዚህ ሕግ አይርቅም። በአዝማሪ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ስንኙ የነካው ሰው ከወዲያኛው ጥግ ሆኖ በራሱ «ተቀበል!» ይመልሳል። ሳቁ ይደባለቃል፤ አንዳንዴም ጠብ ይነሣል፤ መልስ የተከለከለ ሰው ግን የለም። (መቼም አዝማሪው ጉርሻ ለሰጠው ሰው ድምፁን ከፍ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።) የዚህን ነፃነት ብርታት ከኛ ይልቅ ጠላት ዐውቆት ነበር። ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ በመጋቢት ወር በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መትረየስ የያዘ መንግሥት ማሲንቆ የያዘውን ሰው ፈራ።

ከመንደሩ ወደ አዳራሹ ስንመለስ የዘመናዊው የአደባባይ ግጥም ታላቅ ምስክር በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ይከበር የነበረው የኮሌጅ ቀን ነው። በዚህ በዓል ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም እየተገኙ ያደምጡ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፥ ከታኅሣሡ ግርግር ጥቂት ወራት በኋላ፥ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አነበበ። የዚህን ግጥም ርእስ ብቻ ብንመረምረው ብዙ ያስተምረናል። በአዳራሹ ውስጥ ሹማምንት፥ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ ደሃው ግን አልነበረም። የመግቢያ ወረቀት የሰጠው የለም፤ ቢሰጠውም በዚያ ልብሱ ባላስገቡት ነበር። ባለግጥሙ ግን በቃል አስገባው፤ በእንግዶቹም ፊት አቁሞ አናገረው። እንግዲህ «ሁሉን የሚያካትት መድረክ» ማለት ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? የተቀመጡትን ሁሉ ላለማስከፋት ተብሎ ግጥሙ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ በሰላም ባመሸ ነበር፤ ደሃው ግን ከውጭ በቀረ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፥ ገሞራው የተባለው፥ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ። ይህ ሰው ቅኔ የተማረ ስለ ነበረ እርግማንን ከነሥርዐቱ ያውቅበታል። በግጥሙም የጥበብና የሥልጣኔ አባቶችን እየጠራ ይረግማል። የእርግማኑ መድረሻ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ግን አንድ ወገን፥ አንድ ነገድ አይደለም፤ ጥበብን አግኝቶ ለወገኑ ያልጠቀመ ሰው ሁሉ ነው፤ በዚህም አቈጣጠር ባለግጥሙ ራሱ፥ በአዳራሹ ያጨበጨቡለት ተማሪዎችም አያመልጡም። እርግማን ሆኖ ሳለ ማንንም ከቤት የማያስወጣው ስለዚህ ነው፤ ሁሉን እኩል ይነካልና። ባለግጥሙ ግን ከቤቱ ወጣ፤ ኋላ በስዊድን አገር በስደት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ።

ለክርክራችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚሁ የተማሪዎች መድረክ የተነበበው የአቶ ኢብሳ ጉተማ ግጥም ነው። ርእሱ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» የሚል ነው። ወጣቱ የወለጋ ልጅ ኢትዮጵያዊ የሚባለው የትኛው ነው ብሎ የየነገዱን ስም እየጠራ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ በአደባባይ ማንሣት እንደ ነውር፥ ይልቁንም አንድነትን እንደ መጉዳት ይቈጠር ነበር። አስቀድሞ ግጥሙን የሚመረምር አንድ ቅን ሰው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? «ልጄ፥ ሐሳብህስ መልካም ነው፤ ግን ሁላችንም አንድ ነን፤ የነገድ ስም እየጠራህ ሰው አታስከፋ» ብሎ በፍቅር ይመልሰው ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። «ሁሉም ይካተት፥ ማንም አይከፋ» የሚለው ያ ደግ ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ዝም የሚያሰኘው «እኔ አልተካተትሁም» የሚለውን ሰው ነው። ምክንያቱም አልተካተትሁም የሚል ሰው የተካተቱትን ማስከፋቱ የማይቀር ነው። እንግዲህ በአገራችን የመካተት ጥያቄ ወደ አዳራሽ የገባው በነፃነት በር ነው፤ ሌላ በር አልነበረውም። አቶ ኢብሳ በኋላ በፖለቲካ የያዙትን መንገድ የሚወድም የማይወድም ሰው ይኖራል፤ በ1984 ዓ.ም. ገደማም በሽግግሩ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ነበር። የግጥሙ ጥያቄ ግን ከባለቤቱ መንገድ ተለይቶ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ዐይነት ድፍረት ለኮሌጅ ተማሪ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ የአምቦው ተወላጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አሳይቷል። ይህ ልጅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ያህል በወኅኒ ኖረ፤ የመጀመሪያውን አልበሙን ዘፈኖች ግጥም የጻፈውም እዚያው ሆኖ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ሰዎች ርዳታ በአዲስ አበባ በተዘጋጀው ዝግጅት ላይ ባለሥልጣኖቹ ከፊት ተቀምጠው ሳለ በጌረርሳ ገሠጻቸው፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። የተገሠጹት ሰዎች በዚያ ነበሩ፤ ሥልጣንም፥ ድምፅ ማጉያም፥ መልስ የሚሰጡበት አፍም ነበራቸው። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ከእርሱ ሞት በኋላ በነበሩት ቀናት በተነሣው ሁከት ከመቶ የሚበልጡ፥ ልዩ ልዩ ወገን የነበሩ ሰዎች አለቁ። ይህን የማነሣው ያንን ጥፋት ግጥም አመጣው ለማለት አይደለም። በዚህ አገር የአዳራሽ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ማን ምን ይናገር ይሆን?» ብሎ የሚፈራ ሰው ፈሪ ተብሎ እንዳይናቅ ነው። ፍርሀቱ ከሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ከቀብር የመጣ ነው።

ፍርሀቱን ካከበርን ዘንድ፥ የምንፈራውን ግጥም ለይተን እንወቀው። ሰውን በሥራው የሚነካ ግጥም አለ፤ ሰውን በትውልዱ የሚነካ ግጥም አለ። ሹሙን «ጉቦ በላህ» ያለው ባለግጥም ከብዶ ተናገረ እንጂ ሹሙን ከሰውነት አላወጣውም፤ ሹሙ ይክዳል፥ ወይም ይመልሳል፥ ወይም ያፍራል። «የእነ እገሌ ዘር እንዲህ ነው» ያለው ባለግጥም ግን ለተነካው ሰው ምን መልስ ተወለት? ከዘሩ ሊወጣ አይችልም፤ ከአዳራሹ ይወጣ ይሆናል እንጂ። በዚህ ረገድ አባቶቻችንም ንጹሓን አልነበሩም። ማረሻውን የሠራለትን ቀጥቃጭ፥ እንስራውን የሠራችለትን ሴት፥ ቆዳውን የፋቀለትን ሰው ቡዳ እያለ በተረትና በዘፈን ሲያዋርድ የኖረው ያው ቅኔ ዐዋቂ ሕዝብ ነው። ቀጥቃጩ በሠርጉ ዳስ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ከውጭ ነበር የሚቀመጠው፤ «ተቀበል!» ለማለትም ማንም አላስጠጋውም። ሙያቸውን እየተጠቀሙ ባለሙያውን መስደብ ድፍረት ሊባል አይችልም፤ መልስ እንደማይመጣበት የሚያውቅ ሰው ምን ድፍረት ያስፈልገዋል?

ከዚህም የሚያልፍ አለ። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ በተደረገው እልቂት ጊዜ ሲሞን ቢኪንዲ የተባለው ዝነኛ ዘፋኝ ዘፈኖቹ በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2001 ዓ.ም. ዐሥራ አምስት ዓመት እስራት ፈረደበት። ዳኞቹ ግን የፈረዱበት ስለ ዘፈኖቹ አልነበረም፤ በመኪና ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ፥ በመንገድ ዳር ለነበሩት ሰዎች ቱትሲዎችን እንዲፈጁ በመናገሩ ነበር። ያን ያህል ደም በፈሰሰበት ነገር ስንኳ ዳኞች ዘፈንና የግድያ ጥሪ ምንና ምን እንደ ሆኑ ለመለየት ደክመዋል። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በቃልም፥ በጽሑፍም፥ በሥነ ጥበብም መግለጥን ይፈቅዳል፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ለኪነ ጥበብ ሥራ የተለየ ቦታ ትቶለታል። ስለዚህ «ግደል፥ አባርር» የሚለው ለዳኛ ይተው። የቀረው ሁሉ፥ እጅግ የሚያስቀይመውም ጭምር፥ ለሰሚና ለሐያሲ የተተወ ነው። ሥራችንን ለዳኛ የምናስተላልፈው ሰነፎች ስንሆን ነው።

በሐያሲነት ደግሞ የምለው አለኝ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ከተደረገው የግጥም በጃዝ ምሽት ጀምሮ ግጥም እንደገና አዳራሽ መሙላቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በየስፍራው የሚደረገው የግጥም ምሽት ከአዝማሪ ቤት የወሰደው ሙዚቃውን እንጂ ሥርዐቱን አይደለም። መብራቱ በመድረኩ ላይ ነው፤ ሰሚው በጨለማ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያው አንድ ነው፤ እርሱም በባለግጥሙ እጅ ነው። ለሰሚው የተተወለት ንግግር ጭብጨባ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ባለግጥም ጭብጨባው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያሰላል። በአዳራሹ የሚበዛው የማን ወገን እንደ ሆነ በዐይኑ ይለካል፤ ያልመጣውንም ወገን ይሰድብለታል። ከዚያም ራሱን ደፋር ይላል። ያን ግጥም በሌላ ከተማ፥ የተሰደበው ወገን በሚበዛበት አዳራሽ ሊያነበው ይችላልን? የማይችል ከሆነ የጻፈው ግጥም ሳይሆን ለባለቤቱ የቀረበ ውዳሴ ነው። ቤት መምታቱን አልክድም፤ ወርቁ ግን የለም፤ ሰሙም ቢሆን ከሰው ቤት የተለቀመ ነው።

አዘጋጆቹም ከነቀፋ አያመልጡም። ግጥሙን ከሳምንት በፊት ተቀብሎ ስንኝ የሚሰርዝ አዘጋጅ የቀድሞውን የሳንሱር ወንበር በራሱ ፈቃድ ሠርቶ ተቀምጦበታል። እርሱ የሰረዘው ስንኝ ለሰሚው «ሰፉ!» የሚልበትን ዕድል ሰረዘበት። ይልቅስ የሚደክምበት ሌላ ሥራ ሞልቶለታል። ማንን ጠራ? የጠራቸው ዐሥር ባለግጥሞች ሁሉ ከአንድ ሰፈር፥ ከአንድ ማኅበር፥ ሁሉም ወንዶች ከሆኑ ስንኝ በመሰረዝ የሚገኝ አክብሮት የለም። በአምቦ በሚደረግ ምሽት ቋንቋው አንድ ብቻ ከሆነ፥ አማርኛ ብቻም ይሁን ኦሮምኛ ብቻ፥ ከሰሚው አንዱ ወገን ማንም ሳይሰድበው እንግዳ ሆኖ ያመሻል። እዚያው በዚያው ስንኝ በስንኝ መተርጐምም አይጠቅምም፤ ግጥሙን እንደ ተገነጠለ ዶሮ ያደርገዋል። ባለግጥሙ ከማንበቡ በፊት በሌላው ቋንቋ ነገሩ ስለ ምን እንደ ሆነ በሁለት ቃል ቢናገርና ከዚያ ግጥሙን በራሱ ቋንቋ ሙሉውን ቢያወርደው፥ ቋንቋውን የማያውቀው ሰው ዜማውን ይሰማል፤ ሲስቁም ሲያዝኑም ከሰዎች ጋር ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ የማያውቅ ሕዝብ ቅኔ ሲሰማ የኖረው እንዲሁ አይደለምን?

ከሁሉ በላይ ግን መልስ ይፈቀድ። ባለግጥሙ ሲጨርስ መብራቱ ወደ ሰሚው ይዙር፤ የተነካ ሰው ካለ ይነሣና በግጥምም ይሁን በንግግር፥ ግጥሙ የፈጀውን ጊዜ ያህል ይናገር። ባለግጥሙም እዚያው ቆሞ ይስማ። ይህ ሥርዐት ቢቆም ብዙው ስድብ ከመጻፉ በፊት ይቀራል፤ ይህም ማንም ከልክሎት ሳይሆን ባለግጥሙ መልሱን አስቀድሞ በጆሮው ስለሚሰማው ነው። ሥራን የሚነቅፈው ግጥም ግን አይቀርም፤ እንዲያውም መልስ የሚጠብቅ ግጥም ስንኙን አጥብቆ ያስራል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ከተጨመረ ምሽቱ ይረዝማል፤ ሰው ታክሲ ያጣል» የሚለኝ አዘጋጅ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ከአምቦ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ሲመሽ መኪና አያገኝም። ይሁን እንጂ በግጥም ምሽት ጊዜውን ሲበላው ያየሁት ግጥም አይደለም። የክብር እንግዳው ንግግር፥ ከእርሱም በኋላ የአዘጋጁ ምስጋና፥ ከዚያም ስጦታ ማበርከቻውና ፎቶግራፍ መነሻው ነው። ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀነስ ለመልሱ ይበቃል፤ የክብር እንግዳውም መልስ ካለው ተራውን ጠብቆ እንደ ማንኛውም ሰሚ ይነሣ።